መንጠቆው ልብስ እንዳይነክስ፣ እርሳሱ ዘንግ እንዳይሰብር

ከዓሣ ማጥመድ ስትመለሱ ደክሟችኋል። እጃችሁ ይሸታል፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ሁሉም ሰው ልቡ ቤቱ ገብቷል። መንጠቆውን መጀመሪያ ያገኛችሁት ቀለበት ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ክሩን ጠቅለል ታደርጋላችሁ፣ ዘንጉን መኪና ውስጥ ትወረውራላችሁ። ቤት ስትደርሱ ሦስት ዘንጎች እንደ ፀጉር ተጠላልፈዋል። አንዱ መንጠቆ የወንበሩን ጨርቅ ነክሷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

እኔ ጥንቃቄ የተማርኩት በሹራብ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛዬ ውሃ ሊያቀብለኝ እጁን ሲዘረጋ፣ ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ እጅጌውን ያዘው። አንዱን ጫፍ ስናወጣ ሁለተኛው ይገባል፣ ሁለተኛውን ስናወጣ ሦስተኛው። መንገድ ዳር ቆመን ሃያ ደቂቃ ታገልን። በመጨረሻ መቀስ ተነሣ፣ ሹራቡም ተሸኘ። እጁ ቢሆን ኖሮስ?

ሰው በአብዛኛው የሚጠነቀቀው ለመንጠቆው ነው፤ ይወጋላ። እርሳሱን ግን ማንም አያስበውም። እርሳስ ስል የመጻፊያውን አይደለም፣ ክሩን ወደ ታች የሚስበውን ክብደት ነው። ዛሬ ዛሬ ከብረት፣ ከቆርቆሮ ወይም ከተንግስተንም ይሠራል፤ እዚህ ግን ሁሉንም እርሳስ እያልኩ እቀጥላለሁ። መንጠቆ ጥፋቱ ወዲያው ይታያል። እርሳስ ግን መንገዱን ሙሉ ዘንጉን ቀስ እያለ ሲቀጠቅጥ ይከርምና፣ ጉዳቱ የሚታየው በሌላ ቀን፣ ትልቅ ዓሣ በያዛችሁበት ሰዓት ነው። ጠባያቸው ቢለያይም ሁለቱንም የሚያባልጋቸው አንድ ነገር ነው፤ የላላ ክር። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ክሩ ላልቶ እንዳይንከራተት ማድረግ ነው።

መጀመሪያ፦ ልፍታው ወይስ እንዳለ ልያዘው?

መልሱ በምትሄዱበት መንገድ ይወሰናል። በውሃው ዳር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ በእግር የምትሄዱ ከሆነ መፍታት አያስፈልግም፤ መንጠቆውን አስይዞ ክሩን መወጠር ይበቃል። ብቻችሁን በመኪና የምትሄዱ ከሆነ እንዳለ ልትይዙት ትችላላችሁ፣ ግን መንጠቆው ሽፋን ይፈልጋል፣ እርሳሱም መታሰር አለበት። ሰው አብሯችሁ ካለ፣ በተለይ ልጅ ወይም ውሻ ካለ፣ መንጠቆውንም እርሳሱንም አውጡ። በአውቶቡስ ወይም በአውሮፕላን ከሆነ ምርጫ የለም፤ ሁሉም ይፈታል።

እኔ ባለሦስት ጫፍ መንጠቆን በየትኛውም መኪና ውስጥ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲሄድ አልፈቅድም። የሹራቡ ነገር አልለቀቀኝም።

መፍታት ሥራ የሚበዛባችሁ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። በክራችሁ ጫፍ እንደ መርፌ ቁልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የሽቦ ማያያዣ እሰሩ። መንጠቆውና እርሳሱ ያሉበት አጭር ክር በእሱ ላይ ይንጠለጠላል። ስትጨርሱ ማያያዣውን ከፍታችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ታወጣላችሁ። ቋጠሮ መቁረጥ የለም፣ እንደገና ማሰር የለም። አስር ሴኮንድ አይፈጅም።

ደረጃ 1፦ ምግቡን አውጡ፣ እጠቡ፣ አድርቁ

መንጠቆው ላይ የቀረ ትል ወይም የዓሣ ቁራጭ ካለ አውጡት። ሽታው አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ችግር ግን እንስሳ ነው። ውሻም ድመትም የሚሸት ነገር ካገኙ አይመረምሩም፣ ይውጣሉ። ምግብ ያለበት መንጠቆ የዋጠ ውሻ የሚድነው በሐኪም እጅ ነው። ክሩን ይዞ መጎተት ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ጨዋማ ውሃ ላይ ከነበራችሁ መንጠቆውን፣ ማያያዣውንና የዘንጉን ቀለበቶች በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ። እርጥብ መንጠቆ በሽፋን ውስጥ ከታፈነ በፍጥነት ይዝጋል፣ ዝገቱም ጎረቤቱን ይበክላል። አንድ ዝገታም መንጠቆ ሳጥን ውስጥ ጣሉና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክፈቱት፤ ሁሉም ቡናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 2፦ እርሳሱን አስቀድሙ

ብዙ ሰው መጀመሪያ መንጠቆውን ይሰካና እርሳሱን ተንጠልጥሎ ይተወዋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። እርሳሱ ሥርዓት ሳይዝ መንጠቆው አይረጋም፤ በተወዛወዘ ቁጥር ክሩን ይጎትታል፣ ክሩ መንጠቆውን ይነቀንቃል፣ መንጠቆውም ይወልቃል።

እርሳሱ ለምን ዘንግ እንደሚጎዳ ላስረዳ። አሁን የሚሸጡት ዘንጎች ብዙዎቹ ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ ናቸው። ቀላል ናቸው፣ ጠንካራም ናቸው፣ ግን ጥንካሬያቸው ለመታጠፍ እንጂ ለምት አይደለም። ግድግዳቸው ቀጭን ነው። 60 ግራም እርሳስ በላላ ክር ላይ ተንጠልጥሎ በኮረኮንች መንገድ አንድ ሰዓት ሲሄድ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ዘንጉን እንደ ትንሽ መዶሻ ይመታዋል። ላዩ ላይ ከጥፍር ጭረት የማትበልጥ ምልክት ትታይ ይሆናል፤ አንዳንዴ እሷም አትታይም። ከሥር ያሉት የካርቦን ክሮች ግን ተሰንጥቀዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ዘንጉ ሲታጠፍ ልክ እዚያች ቦታ ላይ ቀጭ ይላል። ከዚያ ሰውየው «ዘንጉ እኮ ደካማ ነው» ይላል። የፋይበር ግላስ ዘንግ ምትን በተሻለ ሁኔታ ይችላል፣ ግን እሱም ቢሆን ነፃ አይደለም።

እንግዲህ የሚደረገው ይሄ ነው። እርሳሱ በማያያዣ የገባ ከሆነ አውጡት፣ አለቀ። ከ30 ግራም በላይ የሆነውን ሁሉ ያለ ክርክር አውጡት። በክሩ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነና ክሩን መቁረጥ ካልፈለጋችሁ፣ እስከ እጀታው ድረስ አውርዱት፣ በቁራጭ ጨርቅ ወይም ነጠላ በቀረች ካልሲ ጠቅልሉትና በቬልክሮ ከእጀታው ጋር እሰሩት። ከእጀታው ጋር ነው ያልኩት። እጀታው ቡሽ ወይም ስፖንጅ ስለሆነ ምት ይችላል። ከቀጭኑ የዘንግ አካል ጋር ካሰራችሁት ግን ችግሩን አጠጋችሁት እንጂ አልፈታችሁትም።

ክሩ ላይ ተቆንጥጠው የሚያዙት ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች ያን ያህል አያስቸግሩም። ቀላል ናቸው። ክሩ እስከተወጠረ ድረስ ባሉበት ይሂዱ። ብቻ ስትከፍቷቸውም ስትዘጓቸውም በፒንሳ ይሁን እንጂ በጥርስ አትንከሱ። ይሄ ልማድ በጣም የተስፋፋ ነው፣ ሁለት ጊዜ መጥፎም ነው፤ ጥርስ ይሰብራል፣ እርሳስም መርዝ ነው።

ተንግስተን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። ተንግስተን ከእርሳስ በጣም የጠነከረ ነው፣ እርሳስ ሲመታ ትንሽ ይጎደጉዳል፣ ተንግስተን ግን አይበገርም። መጠኑ ትንሽ ስለሆነም ሰው ይንቀዋል፤ በእኩል መጠን ሲለካ ግን ክብደቱ የእርሳስን አንድ ከግማሽ እጥፍ ያልፋል።

ደረጃ 3፦ መንጠቆው የት ይያዝ?

አሁን ወደ መንጠቆው። ዘንጋችሁን እጀታው ካለቀበት በላይ ተመልከቱ። ብዙ ዘንጎች እዚያ ጋ ጥፍር የምታክል የሽቦ ቀለበት አላቸው። ለጌጥ አይደለችም፤ መንጠቆ የሚያዝባት ናት። መንጠቆውን እሷ ላይ አስይዙ። ዘንጋችሁ ከሌለው፣ በላስቲክ እጀታው ላይ የሚታሰር ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ይሸጣል። እሱም ከጠፋ ብረት የቁልፍ ቀለበት በናስትሮ እጀታው ላይ ጠቅልላችሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ መልኩ አያምርም፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

የማይሰካባቸውን ቦታዎች ደግሞ ልዘርዝር፣ ሁሉንም ስላደረግኳቸው አውቃቸዋለሁ።

የክር ማሳለፊያ ቀለበቶቹ ውስጥ አትስኩት። ቀለበቶቹን በጣት ብትዳስሱ ውስጣቸው ለስላሳ የሴራሚክ ክብ አለ። ክሩ ሳይሻከር እንዲያልፍ የተደረገ ነው። መንጠቆ ሲሰካበት፣ በመንገድ ሲነቃነቅም፣ ሴራሚኩ ይቧጨራል ወይም ትንሽ ይሸረፋል። ከዚያ በኋላ ያ ቀለበት በያንዳንዱ ውርወራ ክራችሁን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ክር ለምን እንደሚበጠስባችሁ ግራ ከገባችሁ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ወስዳችሁ በየቀለበቱ ውስጥ አሽከርክሩት። ጥጡ የሚያዝበት ቀለበት እሱ ነው ወንጀለኛው። ሌላ ቦታ ከጠፋ ቀለበቱን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን የብረት እግር አስይዙት፤ ውስጡን ግን ተዉት።

የቡሽ እጀታው ላይም አትውጉት። ደስ ይላል፣ ጥብቅ ብሎ ይያዛል፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ግን በየጊዜው አንድ ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው እርጥበት፣ ከዚያ ቡሹ መፍረፈር ይጀምራል። የማጠንጠኛው፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት መሣሪያ፣ ሽቦ ላይ ማስያዝም ጥሩ አይደለም። ሽቦው ከተጫረ ክሩ በሚያልፍበት መስመር ላይ ነው።

አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ፣ እጅ ለእጅ ካላሳዩት በቃል ያስቸግራል፣ ግን ልሞክር። በዋናው ክርና በመንጠቆው መካከል የታሰረው ተጨማሪ ክር ረዘም ያለ ከሆነ፣ መንጠቆውን እጀታው ጋ አስይዛችሁ ስትጠቀልሉ፣ ቋጠሮው ወይም ማያያዣው በዘንጉ ጫፍ ቀለበት ውስጥ ይገባና ይቀረቀራል። የጫፍ ቀለበት ደግሞ በቀላሉ የሚሰበር ነው። ስለዚህ መንጠቆውን ከዘንጉ ጫፍ ወደ ታች አምጡት፤ ክሩን በማጠንጠኛው ግርጌ፣ ማለትም ማጠንጠኛው ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት አንገት ዞር አድርጉት፤ ከዚያ መልሳችሁ ወደ ላይ ውሰዱትና ከቀለበቶቹ በአንዱ እግር ላይ አስይዙት። ክሩ ረጅም መንገድ ስለሄደ ቋጠሮው ከጫፉ ቀለበት ውጭ ይቀራል። አንዴ ከለመዳችሁት ሌላ ዘዴ አትፈልጉም።

ደረጃ 4፦ ሹሉን ሸፍኑ

መንጠቆ ተይዟል ማለት አይወጋም ማለት አይደለም። ለባለሦስት ጫፍ መንጠቆ የሚሸጥ የፕላስቲክ ኮፍያ አለ፣ ሦስቱንም ጫፍ አንድ ላይ ይውጣል። ስትገዙ መጠኑን አስተውሉ። የመንጠቆ ቁጥር ግራ ያጋባል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 10 ከቁጥር 2 ያነሰ ነው። 1 ላይ ሲደርስ ደግሞ ይገለበጥና 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እያለ ያድጋል። ኮፍያው ከሰፋ መንገድ ላይ ይወልቃል፣ ከጠበበ ሹሉ በስቶት ይወጣል።

ለነጠላ መንጠቆ ግን ገንዘብ አታውጡ። ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ዓይነት ግልጽ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ፈልጉ። ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ቁረጡ። በአንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች በምላጭ ሰንጥቁት። ቱቦው ከደረቀባችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ደቂቃ ያህል ንከሩት፣ ይለሰልሳል። አሁን ስንጥቁን በጣታችሁ ከፈት አድርጋችሁ የመንጠቆውን ጎባጣ አስገቡበት፤ ሹሉ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ይሁን። ስትለቁት ቱቦው በራሱ ይዘጋል። ላዩ ላይ የፀጉር ላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙበት። ግልጽ መሆኑ ጥቅም አለው፤ መንጠቆው ውስጥ ይኑር አይኑር፣ ይዛግ አይዛግ ታያላችሁ። እኔ እነዚህን በአንድ ቀን ሃያ ያህል ሠርቼ እስካሁን እነሱን ነው የምጠቀመው።

ቱቦ ካልተገኘ ስትሮም ይሠራል፣ ለትናንሽ መንጠቆ ብቻ። ብር የሚታሰርበትን ቀጭን ላስቲክ ግን አላምነውም። ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ይበጠሳል፣ ወይም ቀልጦ ዘንጉ ላይ ይጣበቃል። ፕላስተርም እንደዚያው ነው፤ ሙጫው ክሩ ላይ ይቀራል።

ለስላሳ የላስቲክ ማታለያ፣ ማለትም ትል የመሰለ ሐሰተኛ ምግብ፣ መንጠቆው ላይ ካለ አውጥታችሁ በራሱ ከረጢት አስቀምጡት። እነዚህ ነገሮች ከሌላ ፕላስቲክ ጋር ተነካክተው ሙቀት ሲያገኙ ይዋሃዳሉ። አንድ ቀይ የላስቲክ ትል የሳጥኔን ክፍልፋይ አቅልጦ እንደ ማስቲካ አድርጎታል።

ደረጃ 5፦ ክሩን ወጥሩ፣ ግን በልክ

መንጠቆው ተይዞ፣ ሹሉ ተሸፍኖ፣ እርሳሱ ተፈቶ ወይም ታስሮ ከሆነ አሁን ማጠንጠኛውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ክሩ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆኖ እስኪቀና ድረስ ብቻ። ጫፉ መጎንበስ ከጀመረ አልፋችኋል፣ ትንሽ መልሱት። ቀስት አድርገው ወጥረው የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። እንዲህ የተወጠረ ዘንግ ትንሽ ነገር ሲነካው ጫፉ ይሰበራል፣ ወይም መንጠቆው አምልጦ ይተኮሳል።

ልክ መሆኑን የምታውቁት በጣት ነው። ክሩን መሐል ላይ በአንድ ጣት ጫን በሉት። ትንሽ ሰጥቶ ከተመለሰ ጥሩ። እንደ ክራር ከጮኸ በዝቷል። ተንጠልጥሎ ከቀረ አንሷል።

ከዚያ የማጠንጠኛውን ፍሬን ላላ አድርጉ። አንድ ነገር ክሩን ቢይዘው ዘንጉን ከሚሰብር ክሩ ተስቦ ይውጣ።

ዘንጉ ለሁለት የሚፈታ ከሆነ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚጠላለፈው። ክሩን ሳያወጡ ዘንጉን ለሁለት ሲከፍሉት ክሩ በድንገት ይረዝማል፣ ይላላል፣ ማጠንጠኛው ላይም ይዘለዘላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሬኑን አላሉ ወይም ክሩን ጥቂት ልቀቁ። መገጣጠሚያውን በሁለት እጅ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ እያጠማዘዛችሁ አይሁን፣ ቀለበቶቹንም ይዛችሁ አትጎትቱ። ሁለቱን ክፍሎች ጎን ለጎን አስተኙ። ቀጭኑ ጫፍ ከወፍራሙ እጀታ አጠገብ ይሁን፣ እጀታው እንደ ጋሻ ይሆነዋል። ከላይና ከታች በቬልክሮ እሰሩ፣ ረጅም ከሆነ መሐሉንም። ማሰሪያው ክሩንም አብሮ ይያዝ፣ ግን ቀለበት ላይ አይረፍ። አሁን የተረፈውን ክር ጠቅልሉ።

እጥፍጥፍ ብሎ አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስታጥፉት ቀለበቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ መሐላቸው ያለው ክርም ይላላል። እያንዳንዱን ክፍል ስታስገቡ ክሩን በአንድ እጅ እየሳባችሁ ጠቅልሉ። ለዚህ ዓይነት ዘንግ እርሳሱን ሁልጊዜ አውጡት፤ ቀለበቶቹ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ እርሳስ በቀላሉ ያጣምማቸዋል።

መጫን

በእግር ስትሄዱ ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ እጀታው ወደ ፊት፣ ጫፉ ወደ ኋላ ይሁን። ጫፉን ወደ ፊት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግንድ ወይም መሬት ወግቶ ይሰበራል። ከኋላችሁ ሰው ካለ ግን ዞር ዞር እያላችሁ እዩ፣ የዓይን ነገር ነው። ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ መያዝ ይመቻል፤ ከመብራት ገመድ በታች ግን በጭራሽ። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት።

መኪና ውስጥ ዘንግ የሚሰበረው በብዛት በበር ነው። ጫፉ ወደሚዘጋው በር አይዙር፤ ከዞረም ቢያንስ አንድ ስንዝር ቦታ ይኑረው፣ በሩንም እያያችሁ ዝጉ። በመስኮት አውጥቶ መሄድ አይሆንም። በላዩ ላይ ሳጥን፣ ጫማ፣ ጎማ አትጫኑበት። ስታቆሙ እንዳይንሸራተት ከሁለት ቦታ አስሩት። የእርሳስ ሳጥኑን ደግሞ ከኋላ መስታወት ሥር አታስቀምጡ፤ 3 ኪሎ እርሳስ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ወደ አንገታችሁ ይመጣል። ቦታው ወለል ላይ፣ ከወንበር ኋላ ነው።

ለብስክሌትና ለሞተር ዘንጉ ይፈታል፣ መንጠቆና እርሳስ ይወጣሉ፣ ዘንጉ በከረጢት ሆኖ ይታሰራል። ማሰሪያው ጭራ ኖሮት ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ጠቅልሉት።

በሕዝብ ማመላለሻ ጠንካራ ቱቦ ውስጥ አስገቡት። የውሃ መስመር የፕላስቲክ ቱቦና ሁለት ክዳን ይበቃል፤ ጫፉ የሚያርፍበት ላይ ስፖንጅ ወትፉበት። ቱቦው ውስጥ ምንም ዓይነት እርሳስ አብሮ አይግባ፤ እሱ ውስጥ የሚንከባለል አንድ ፍሬ ያን ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ያደርገዋል። በአውሮፕላን ከሆነ መንጠቆና ፒንሳ በሚጫነው ሻንጣ፣ በጠንካራ ሳጥን፣ ሹላቸው ተሸፍኖ ይሂዱ። ሻንጣውን የሚፈትሽ ሰው እጁን አስገብቶ እንደሚዳብስ አስቡ። ቱቦውን አየር መንገዱ በምን መጠን እንደሚቀበል ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

የወጡት መንጠቆዎችና እርሳሶች የት ይግቡ?

ከክር ጋር ያለ መንጠቆ ዝም ብሎ ሳጥን ውስጥ ከተጣለ በሚቀጥለው ጊዜ የምታገኙት የወፍ ጎጆ ነው። ልጆች ለዋና የሚይዙትን ረጅም የአረፋ እንጨት ታውቁታላችሁ፤ እሱን በቢላ 5 ሳንቲሜትር እየሆነ እንደ ዳቦ ቁረጡት። መንጠቆውን አረፋው ውስጥ ሰካ አድርጋችሁ ክሩን ዙሪያውን ጠምጥሙ፣ ጫፉን በትንሽ ስንጥቅ አስይዙ። ይህ አረፋ እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ አይመጥም፣ ስለዚህ መንጠቆው አይዝግም። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ የመንጠቆውን ቁጥር ጻፉበት።

እርሳሶቹ ለብቻቸው፣ በሚከደን ወፍራም ዕቃ። ፌስታል ይቀደዳል። ከምግብ ጋር፣ ከውሃ ኮዳ ጋር በአንድ ኪስ አይግቡ። ነክታችሁ ከጨረሳችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ከዚያ ሳንድዊቹ ይደርሳል። ልጆች አይጫወቱበት፤ የሚያብለጨልጭ፣ ክብ፣ ለአፍ የሚመች ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከወጋችሁስ?

ዓይን ከሆነ አትንኩ። አታውጡ፣ አትጫኑ። እንዳይነካ በኩባያ ነገር ከልላችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት። ፊት፣ አንገት፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ወይም በጥልቀት ከገባም እንደዚያው።

ክንድ ወይም ትከሻ ላይ በጥልቀት ያልገባ ነጠላ መንጠቆ ከሆነ፣ ዓሣ አጥማጆች የሚያውቁት ዘዴ አለ። ጠንካራ ክር አጥፋችሁ በመንጠቆው ጎባጣ ላይ አዙሩት። በሌላው እጅ የመንጠቆውን ዓይን፣ ማለትም ክር የሚታሰርባትን ቀዳዳ፣ ወደ ቆዳው ጫን አድርጉት፤ ይሄ እሾሁን (ከሹሉ ሥር ወደ ኋላ የዞረችውን ጥርስ) ከሥጋው ያላቅቀዋል። ከዚያ ክሩን ከዓይኑ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ከቆዳው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ ፈጠን ብላችሁ ሳቡት። ቀስ እያሉ መጎተት ነው የሚያመው። መንጠቆው ተፈናጥሮ ስለሚወጣ ፊት ለፊት ሰው አይቁም። በሳሙናና በውሃ እጠቡት፣ የቴታነስ ክትባታችሁ ጊዜው አልፎ እንደሆነም ሐኪም ጠይቁ። ባለሦስት ጫፍ ከሆነ መጀመሪያ ነፃ የሆኑትን ጫፎች ቁረጡ ወይም ሸፍኑ፣ አለዚያ ሹራቡ ላይ የደረሰው ቆዳችሁ ላይ ይደርሳል።

ለዚህ ነው እኔ የመንጠቆዎቼን እሾህ በፒንሳ የምጨፈልቀው። ክሩን ካላላችሁ በስተቀር ዓሣ ብዙም አያመልጥም። ከልብስም፣ ከወንበርም፣ ከሰውም ላይ ግን ያለ ትግል ይወጣል።

ስትደርሱ

ዘንጉን ከመገጣጠማችሁ በፊት ቬልክሮውን ፍቱና የዘንጉን አካል ከእጀታው እስከ ጫፉ በጣታችሁ ዳብሱት። የጎደጎደ ወይም የሻከረ ቦታ ካገኛችሁ በደንብ እዩት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሜትር ክርም በጥፍርና በጣት መሐል አሳልፉት፤ ከሻከረ ቁረጡና እንደ አዲስ እሰሩ። የመንጠቆ ሽፋኖቹን ቁጠሩ። ስድስት ይዛችሁ ወጥታችሁ አምስት ካገኛችሁ፣ አንድ እርቃኑን የቀረ መንጠቆ መኪናው ውስጥ አለ ማለት ነውና፣ ማንም ሳይቀመጥ ወንበሮቹን ፈትሹ።